መርፌ፣ ሞረድና ልጥ፦ የዓሣ ማስገሪያ ዕቃ ጥገና ታሪክ ከጉና ግርጌ እስከ ጣና ዳርቻ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጋይንት የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ገሳይ ሲደርስ ራሱን በጉና ተራራ ግርጌ ያገኘዋል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይመረትበታል፤ በግና ፈረስ ይረባበታል እንጂ መረብ የሚጥል ሰው አይገኝበትም። ይሁን እንጂ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚህ ተራራ ወገብ የሚመነጩት ርብና ጉማራ ቁልቁል ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፣ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ክረምቱ እየጠነከረ ወንዞቹ ሲሞሉ ደግሞ የሐይቁ ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን ለመጣል ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የደብረ ታቦር ደጋና የጣና ዳርቻ፣ በኑሮና በሙያ የማይመሳሰሉ ቢሆኑም፣ በውኃ የተሳሰሩ አገሮች ናቸው።

ስለ ጣና ብዙ ተጽፏል። ስለ ገዳማቱ፣ በደሴቶቹ ላይ ስላረፉት ነገሥታት፣ ከሐይቁ ስለሚወጣው ዓባይ የተደረሱት መጻሕፍት ቢደረደሩ መደርደሪያ ይሞላሉ። አንድ አስጋሪ የተቀደደ መረቡን በምን እንደሚጠግን፣ የደነዘ መንጠቆውን በምን እንደሚስል፣ የላላ ታንኳውን በምን እንደሚያጠብቅ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ነገሩ ከትንሽነቱ የተነሣ የታሪክ ጸሐፊዎችን ዓይን አልሳበም ማለት ይቻላል። ሆኖም በሐይቁ ላይ ባለፉት አርባ ዓመታት የደረሰውን ለውጥ በሚገባ ለመረዳት ከነዚህ ትንንሽ መሣሪያዎች መጀመር ያስፈልጋል። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ከዚህ በታች በዝርዝር ይታያል።

ታንኳና ልጥ

የጣና አስጋሪ ቀዳሚው መሣሪያ ታንኳው ነው። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ በማጭድ ይታጨዳል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ እየተደረገ በዛፍ ልጥ ይታሰራል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገሪቱ የመጡት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ይህንኑ የደንገል ታንኳ አይተው ጽፈውታል። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም ሐይቁን ዙሪያውን ተጉዞ ካርታውን ሲያነሣ ያገኘው ከዚያ እምብዛም ያልተለየ ታንኳ ነበር። ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ሳይለወጥ የኖረ መሣሪያ መሆኑ ሲታይ፣ አሠራሩ ከሥራው ጋር ምን ያህል የተስማማ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

የታንኳ ትልቁ ጠላት ራሱ የሚንሳፈፍበት ውኃ ነው። ደንገል ቀላል የሚሆነው በውስጡ አየር ስላለው ነው፤ ውኃ ሲመጥ ግን ይከብዳል፤ ሲቆይም ይበሰብሳል። ስለዚህ አስጋሪው ከሐይቅ በተመለሰ ቁጥር ታንኳውን ወደ ደረቅ ያወጣዋል፤ ውኃው እንዲንጠፈጠፍም አቁሞ ያደርቀዋል። ልጡ የላላበትን ቦታ እየፈለገ ያጠብቃል፤ የተበላውን ነዶ አውጥቶ አዲስ ይተካል። ይህ ሁሉ ተደርጎለት እንኳ የአንድ ታንኳ ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነው። ለዚህ ጥገና የሚያስፈልገው መሣሪያ ማጭድ፣ ቢላዋና ልጥ ብቻ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ልጡ የት ቦታ እንደ ላላ በመዳሰስ የሚያውቀው እጅ ነው።

ይህን ሙያ ከማንም በላይ ጠብቀው ያቆዩት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ወይጦዎች ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ ታንኳ ይሠራሉ፤ ዓሣ ያሰግራሉ። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። የሚበሉት ሥጋ ከጎረቤቶቻቸው ስለተለየ ለረዥም ዘመን በንቀት ዓይን ሲታዩ ኖረዋል። እንግዲህ ደጋው ሐይቁን የሚሻገርበትን ታንኳና እህሉን የሚፈጭበትን ድንጋይ ከእጃቸው እየተቀበለ፣ እጁን ግን የናቀ መሆኑ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው።

ቀጥቃጩና ሞረዱ

የፋብሪካ መንጠቆ በገበያ ከመብዛቱ በፊት ዓሣ ለመያዝ የሚያገለግል ብረት ሁሉ የሚወጣው ከአገር ቀጥቃጭ እጅ ነበር። የጦሩ ጫፍ፣ ማጭዱ፣ ቢላዋው፣ ወስፌው በወናፍ በተነፋ ከሰል ግሎ፣ በጉጠት ተይዞ፣ በመስፍ ላይ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነው። መንጠቆ ሲታይ ቀላል ይምሰል እንጂ በሥራው ከጦር ይልቅ የሚያስቸግር ነው። ብረቱ ከለሰለሰ አምባዛ ሲስበው ይቃናል፤ ከጠነከረ ደግሞ ይሰበራል። ጫፉ ሹል ሆኖ ካልተገኘ የዓሣውን ከንፈር ሳይወጋ ይንሸራተታል። በመሆኑም መንጠቆን መጠገን ማለት በየጊዜው ዝገቱን ማራገፍ፣ የተቃናውን መልሶ ማጠፍና ጫፉን መሳል ማለት ነው።

ሞረድና የመሳያ ድንጋይ የሚገቡት በዚህ ቦታ ነው። በድንጋይ የሚሳል መንጠቆ ጫፉ የሚወጣው በብዙ ድካም ሲሆን፣ ድንጋዩ ወደ ጎባጣው ውስጥ ገብቶ መሥራት አይችልም። ትንሽ ሞረድ ግን ከውስጥም ከውጭም ጥቂት ጊዜ ብታልፍ ይበቃታል። ሞረዱ ከመንጠቆው ሥር ወደ ጫፉ እንጂ ከጫፉ ወደ ሥሩ አይሄድም፤ አለዚያ ጫፉ ይታጠፋል። ሥራው ሲያልቅ መንጠቆው በደረቅ ጨርቅ ይታበሳል፤ ቅባትም ይነካል። የጣና ውኃ ጨው የሌለው በመሆኑ ዝገቱ እንደ ባሕር ውኃ ፈጣን አይደለም፤ እርጥብ ሆኖ በኮሮጆ ውስጥ የከረመ መንጠቆ ግን በየትም አገር ቢሆን ይበላል።

ስለ ብረት ሥራ ሲነሣ ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውን ጋፋትን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚስዮናዊነት የመጡትን አውሮፓውያን ባለ እጆች ያሰፈሩት፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከነሱ ሙያ እንዲማሩ ያደረጉት በጋፋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 በዚያ የተቀለጠው ሴባስቶፖል መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደ ነበረ፣ በብዙ ሰው ጉልበትም እስከ መቅደላ እንደ ተጎተተ የታወቀ ነው። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሲሞቱ አውሮፓውያኑ ባለ እጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ።

የቴዎድሮስ የሙያ ፍላጎት በመድፍ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1866 ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር የመጣው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዘጌ ሳሉ በእንፋሎት የሚሄዱትን መርከቦች በመምሰል ከደንገል ትላልቅ ጀልባዎች አሠርተው፣ በግራና በቀኝ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመውላቸው ነበር። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን መንኮራኩር ቢገጠምለትም ደንገል ያው ደንገል ነው፤ ውኃ መምጠጡን አይተውም። ጀልባው ምንም ያህል ቢተልቅ በየጊዜው አውጥቶ የሚያደርቀው፣ ልጡን የሚያጠብቀው ባለሙያ ያስፈልገዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አዲስ መሣሪያ በአንድ ትእዛዝ ሊሠራ ይችላል፤ ጥገና ግን በትእዛዝ አይመጣም፤ የሚመጣው ሙያውን በሚያውቅና በሙያው በሚከበር ሰው ነው።

መከበሩ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበር። ቀጥቃጩ እንደ ወይጦው ሁሉ የተናቀ ነበር፤ ቡዳ እየተባለ ይፈራል፤ በጋብቻና በማዕድ ይገለላል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። ሠሪውና ጠጋኙ በተናቀበት አገር የሥራ መሣሪያው በዓይነትም በብዛትም ሳይሻሻል መኖሩ ሊያስገርም አይገባም።

ጥጥ፣ ናይሎንና የመረብ መርፌ

መረብ ከሰው ልጅ ጥንታዊ መሣሪያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በፊንላንድ አንትሬያ በተባለ ስፍራ ከመሬት ውስጥ የወጣው፣ ከዛፍ ልጥ የተሠራው መረብ ዕድሜው ከ10,000 ዓመት እንደማያንስ ተረጋግጧል። ከመረቡ ጋር የድንጋይ ክብደቶችና ከዛፍ ቅርፊት የተሠሩ ተንሳፋፊዎች ተገኝተዋል። ልጥን ቋጥሮ ለውኃ ሥራ ማዋል የጣና ሰው ብቻ ሳይሆን የዓለም አስጋሪ ሁሉ ጥንታዊ ዕውቀት መሆኑን ይህ ግኝት ይመሰክራል።

የጥጥ መረብ ከባድ የጥገና ግዴታ ያስከትላል። ጥጥ በውኃ ውስጥ ሲቆይ የሚበሰብስ በመሆኑ በየቀኑ ታጥቦ መስቀልና መድረቅ አለበት። በብዙ የዓለም ክፍሎች አስጋሪዎች የዛፍ ቅርፊት ቀቅለው መረባቸውን በውኃው ይነክሩ የነበረው መበስበሱን ለማዘግየት ነው። ናይሎን እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ከተገኘና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዓሣ ማስገሪያ ሥራ ከተስፋፋ ወዲህ ይህ ድካም ቀረ። ናይሎን አይበሰብስም። ይሁን እንጂ የራሱ ድክመት አለው፤ ፀሐይ ያዳክመዋል፤ ክሩም አንሸራታች በመሆኑ ቋጠሮው ጠበቅ ተደርጎ ካልታሰረ ይፈታል። የጥጥ መረብ ለፀሐይ ይሰጥ የነበረ ሰው የናይሎን መረቡን ከጥላ ሥር ማስቀመጥ መማር ነበረበት ማለት ነው።

በጣና የናይሎን መረብ በብዛት መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ሲቋቋም ነው። በፕሮግራሙ የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ኡርክ ከተባለችው የሆላንድ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት በጎ አድራጎት ድርጅት ተሳትፈዋል። በፕሮግራሙ አማካይነት ባለ ሞተር ጀልባዎችና 100 ሜትር ርዝመት ያላቸው መረቦች ወደ ሐይቁ ገቡ። በታንኳ ዳር ዳሩን ይሠራ ከነበረው አስጋሪ ጎን ወደ መካከለኛው ሐይቅ የሚዘልቅ አዲስ አስጋሪ ተነሣ።

መረቡ በጉቶ፣ በድንጋይና በአምባዛ ትግል በየዕለቱ ይቀደዳል። የሚጠገንበት መሣሪያ የመረብ መርፌ ነው። ይህ መርፌ ልብስ እንደሚሰፋበት መርፌ ክሩ በቀዳዳ የሚገባበት ሳይሆን ጠፍጣፋ ሆኖ በመካከሉ ምላስ ያለው ነው፤ ክሩ በምላሱና በግርጌው ዙሪያ ይጠመጠማል። ከእንጨት፣ ከቀንድ ወይም ከፕላስቲክ ሊሠራ ይችላል። ጥቅሙ ብዙ ሜትር ክር በአንድ ጊዜ መያዙና በመረቡ ዓይን ውስጥ በቀላሉ ማለፉ ነው።

ጠጋኙ በመጀመሪያ የተበጣጠሰውን ክር በስለታም ቢላዋ ያጸዳል። ቀዳዳውን ከማጥበብ ይልቅ በመጠኑ ያሰፋዋል፤ ይህም ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ምክንያቱ ሥራው የሚጀመርበትም የሚያበቃበትም ቋጠሮ ሦስት ክር ያልተቆረጠበት መሆን ስላለበት ነው። በመካከል ያሉት ቋጠሮዎች ሁለት ሁለት ክር ይቀርላቸዋል። ይህ ሥርዓት ከተጠበቀ አዲሱ ሥራ ከአሮጌው ጋር ልክ በልክ ይገጥማል፤ ካልተጠበቀ መረቡ ይጨማደዳል፤ ውኃ ውስጥም ቀጥ ብሎ አይቆምም። ከመርፌውና ከቢላዋው ጋር ሦስተኛ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የዓይን መለኪያ የሆነው ዝርግ እንጨት ነው። እያንዳንዱ አዲስ ዓይን የሚቋጠረው በዚህ እንጨት ላይ ተለክቶ ነው።

መለኪያው እንጨት

ከሦስቱ መሣሪያዎች በዋጋ እጅግ የረከሰው ይህ እንጨት፣ በሐይቁ ሕይወት ላይ ግን ከሁሉ የበለጠ ሥልጣን ያለው ነው። በመረብ የሚያዘው ዓሣ መጠኑ የሚወሰነው በመረቡ ዓይን ስፋት ነው። በባለ ሞተር ጀልባ የገቡት መረቦች ዓይናቸው ተወጥሮ ሲለካ ከ10 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከዚህ ዓይን ትንሹ ዓሣ አልፎ ይሄዳል፤ አድጎ፣ ወልዶ ይመለሳል። ጠጋኙ ክር ለመቆጠብ ወይም ብዙ ለመያዝ ሲል መለኪያውን ካጠበበው ግን ገና ያልወለደው ዓሣ ይያዛል። አዋጅ የሚጻፈው በከተማ ነው፤ የሚፈጸመው ወይም የሚፈርሰው ግን በሐይቁ ዳር በተቀመጠ ሰው እጅ በተያዘ እንጨት ነው።

የጣና ጉዳይ ከሌላው ሐይቅ የሚከብድበት ምክንያት አለው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የሐይቁን ዓሦች ለሳይንሱ ዓለም ካስተዋወቀ ጀምሮ ነጭ ዓሣ እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ወገን የብዙዎችን ዓይን ስቧል። በኋላ ሆላንዳውያን ሊቃውንት ባደረጉት ጥናት በዚህ ስም ውስጥ በጣና እንጂ በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች እንዳሉ ተገለጸ። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ይገኝ የነበረው ተመሳሳይ ወገን አብዛኛው ስለ ጠፋ የጣናው በዓለም ላይ በዓይነቱ እጅግ ብርቅ ሆኗል። ከነዚህ ዝርያዎች በርካታዎቹ በነሐሴና በመስከረም አካባቢ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ጠጠርና ጥሩ ውኃ ፈልገው በጉማራ ገባሮች በኩል ወደ ደጋው ይጠጋሉ። በዚህ ወቅት በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ መንገደኛን በበር ላይ እንደ መያዝ ነው። ከብርብራ ፍሬ የሚዘጋጀው መርዝ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል።

አኃዙ ይህን ያረጋግጣል። የባለ ሞተር ጀልባዎቹ ዓመታዊ ምርት እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን አደገ። በዚያው በ1990ዎቹ ውስጥ ግን ወንዝ ወጥቶ የሚራባው ነጭ ዓሣ ብዛት ከመቶ 75 እጅ ያህል እንደ ቀነሰ ጥናቶች አሳይተዋል። ከዚህ ላይ ጥፋቱ የመረቡ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ከጉና ተዳፋት እየታጠበ የሚወርደው አፈርም የወንዞቹን ጠጠር ያለብሳል። ነገር ግን የአሠጋገሩ ድርሻ ከፍተኛ መሆኑ አያከራክርም። የኢትዮጵያ መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ማውጣቱ ሥራው በሕግ መገዛት እንዳለበት መታመኑን ያሳያል።

የማይጠገነው መረብ

በቅርብ ዓመታት ሌላ ለውጥ መጥቷል። ከድንበር ማዶ በሕገ ወጥ መንገድ የሚገባው ባለ ነጠላ ክር የፕላስቲክ መረብ በሐይቁ ተስፋፍቷል። ይህ መረብ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ክሩ ቀጭንና ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ዓሣው አያየውም። አስጋሪው ቢወደው አይፈረድበትም፤ ልጆቹን የሚያሳድረው በዕለት ገቢው ነው። በጥገና በኩል ሲታይ ግን ይህ መረብ ከቀድሞዎቹ ሁሉ የተለየ ነው። ክሩ ቀጭን፣ ደረቅና አንሸራታች ስለ ሆነ ቋጠሮ አይዝለትም፤ ሲቀደድም ለመጠገን የሚጠይቀው ድካም ከዋጋው ይበልጣል። ስለዚህ ይጣላል። መርፌው፣ ቢላዋውና መለኪያው እንጨት ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ።

የተጣለው መረብ ደግሞ አይበሰብስም። በሐይቁ ግርጌና በደንገሉ ሥር ሆኖ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል፤ ወፎችም ይጠመዱበታል። ናይሎን ሲመጣ መበስበስን ያሸነፈ መሣሪያ ተብሎ ተመስግኖ ነበር፤ አለመበስበሱ በረከት የሚሆነው ግን ተጠግኖ ለብዙ ጊዜ ሲያገለግል ብቻ መሆኑ አሁን ታየ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ችግሩን አባብሶታል። አረሙ መረብን ይጠመጥማል፤ ጎትቶ ይወስዳል፤ መረቡን ለማውጣት የሚታገል አስጋሪም ይቀድደዋል። እንዲህ በየዕለቱ ለሚቀደድ ዕቃ የሚጠገነውን ውድ መረብ ከመግዛት የሚጣለውን ርካሽ መግዛት ይቀናል። በዚህ መንገድ አንዱ ችግር ሌላውን ይወልዳል።

ታንኳውን፣ መንጠቆውን፣ የጥጡን መረብ፣ ናይሎኑንና ዛሬ የሚጣለውን መረብ አከታትሎ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። ልጡን የሚያጠብቅ፣ ሞረዱን የሚያሳልፍ፣ መለኪያውን የሚይዝ እጅ መሣሪያውን ያውቀዋል፤ መሣሪያውን ያወቀም የውኃውን አቅም ያውቃል። መጠገን የሚያስቀረው የገንዘብ ወጪን ብቻ አይደለም። መረቡን ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጠግን ሰው በዚያ ሰዓት ከሐይቅ ላይ የለም፤ ዓሣውም እፎይ ይላል። የሚጣለው መረብ ይህን ዕረፍት ከሰውም ከዓሣም ወስዷል።

ስለዚህ በመስኩ የተሰማሩ የሙያ ባልደረቦች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የሚጠገነው መረብ፣ ክሩና መርፌው ለአስጋሪው በሚችለው ዋጋ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንምና። ሁለተኛው የመለኪያውን እንጨት ትርጉም ከአዋጁ ጽሑፍ ጋር አብሮ ማስተማር ነው። ሦስተኛው የወይጦውን የታንኳ ሙያና የቀጥቃጩን ሥራ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ መዝግቦ ማቆየት ነው። የመድፉ ታሪክ በሚገባ ተጽፏል፤ የሞረዱ ታሪክ ግን ገና ጸሐፊ ይፈልጋል።

ገሳይ ላይ ዝናሙ ሲበረታ ጉማራና ርብ ሞልተው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ የተረፈውም ነጭ ዓሣ ሽታውን ተከትሎ ሽቅብ ይጓዛል። በወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቀው መረብ ዓይኑ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወስነው፣ ዛሬም እንደ ጥንቱ፣ በአንድ ሰው እጅ ያለ ትንሽ እንጨት ነው።